«አንተ ነህ ያመጣህባት» የተባለው ወንድሜ

ለአምዱ አዘጋጅ፣

እናታችን በኮቪድ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በዚያ ሰሞን ሁላችንም ቤት ስንውል፣ እየወጣ የሚሠራውና የቤቱን ወጪ የሚሸፍነው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበር። እሱን ትንሽ ሳል ይዞት ወዲያው ተወው፤ እሷ ግን ሆስፒታል ገብታ አልተመለሰችም። አጠገቧ እንድንሆን ስላልተፈቀደ የተሰናበትናት አንዲት ነርስ በያዘችላት ስልክ ነው። ወንድሜ ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠግቶ «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» እያለ ደጋግሞ ጠራት። የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

በቀብሯ ዕለት አክስታችን «አንተ ነህ ያመጣህባት» አለችው። ሁላችንም ዝም አልን። ጎረቤቶችም ሰምተው ስለነበር ለብዙ ጊዜ ይሸሹት ጀመር። ዛሬም ቤተሰብ ሲሰበሰብ አይመጣም፤ ስደውልለት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይለኛል። አክስቴ ደግሞ ስሙ ሲነሳ ከክፍሉ ትወጣለች። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ምን ላድርግ?

ታላቅ እኅት

መልስ

እኅቴ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር።

አክስትሽ የተናገረችው ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ነገር ነው። ይህ ቫይረስ የያዘው ሰው ምልክት ሳይታይበት አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ከነጭራሹ ሳይታመም የሚያስተላልፍም አለ። ሕመሙ የሚጀምረው ከተያዙ ከ2 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ በመሆኑ፣ ቀድሞ ያሳለ ሁሉ ቀድሞ የተያዘ ነው አይባልም። በር ላይ ቆሞ ሰላም ያላት ሰው ሊሆን ይችላል፤ እሷ ራሷ ለልጇ አስተላልፋለት ሊሆንም ይችላል። ደግሞስ እሱ መሆኑ ቢታወቅ? ሲወጣ የነበረው እናንተ ቤት መቀመጥ እንድትችሉ ነው።

የአክስትሽ ቃል ከባድ ነው። የእናንተ ዝምታ ግን የቤተሰቡ ሁሉ ፍርድ ሆኖበታል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ስልኩን ተዪና ቤቱ ድረስ ሂጂ። «የእማዬ ሞት ያንተ ጥፋት አይደለም፤ ያን ዕለት ይህን ልንልህ ይገባን ነበር» በዪው። ከአክስቱ ጋር ታረቅ ብለሽ አትጎትችው፤ የተበደለው እሱ ነው።

አክስትሽንም ለብቻዋ አነጋግሪያት። እሷም እኅቷን ያጣችው እጇን ሳትይዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ሳቢያ፣ በቀጥታም በተዘዋዋሪም፣ 14.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ስንቱ ቤተሰብ እንደ እናንተ በሩቁ እንደተሰናበተ አስቢው። በወጉ ያልተሰናበተ ሰው ቁጣውን የሚያሳርፍበት ፊት ይፈልጋል፤ ቫይረስ ደግሞ ፊት የለውም። ይህን እረዳላታለሁ፤ ቢሆንም ያን ቃል መልሳ መውሰድ የምትችለው ራሷ ናት፤ በሰው ፊት እንደተናገረችው በሰው ፊት።

አንድ ነገር በቅርብ ተከታተዪ። ከ6 ወር በላይ የዘለቀና ሰውን ከኑሮው ያስተጓጎለ ሐዘን ሕክምና እንዳለው የጤና ባለሙያዎች ያውቃሉ። ወንድምሽ እንቅልፍ አጥቶ እንደሆነ፣ ወይም «በእሷ ፈንታ እኔ በሞትኩ» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይዘሽው ሂጂ።

አክስትሽ ለመናገር ጊዜ ሊወስድባት ይችላል። አንቺ ግን የእሷን መልስ ሳትጠብቂ አስቀድመሽ ወደ ወንድምሽ ሂጂ።