«ጸጉር አይደል? ይበቅላል»

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣች። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች አራተኛ ወሯ ነው። አቦሉ ሳይቀዳ ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ሶፍት አውጥታ ረከቦቱ ጎን ፈታችው። ውስጡ ጸጉር ነው። ከሚዶና ከትራስ ላይ የለቀመችው፣ የሦስት ቀን። «ሲስተር፣ መላጣ ልሆን ነው?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

34 ዓመት በነርስነት ስሠራ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አፌ ላይ የመጣው «አብሽሪ፣ ጸጉር አይደል? ይበቅላል» የሚለው ነው። ለእሷ ደግሞ እውነት ነው። ግን ቃሉ አልወጣልኝም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን አይታ ጭራሽ ደነገጠች።

ቶሎ ብዬ አስረዳኋት። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞኑ ጸጉር እንዳይረግፍ ይዞ ያቆየዋል። የእርጉዝ ሴት ጸጉር የሚያምረው ለዚህ ነው። ከወለደች በኋላ ሆርሞኑ ሲወርድ ተይዞ የቆየው ሁሉ ባንድ ላይ ይለቃል። ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይጀምርና ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ይመለሳል። ሥሩ አልሞተም። ስትወልድ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ግን የደም ማነስ ይኖርብሽ እንደሆነ ተመርመሪ አልኳት። ታይፎይድ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ያለፈበት ሰውም እንዲሁ ነው፤ ድኛለሁ ብሎ ከረሳው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ይረግፍበታል። በ2014 በጦርነቱ ከተማችን ደሴ ተይዛ፣ ስንቱ በእግሩ ተሰዶ፣ ከተመለስን በኋላ ስንት ሴት ሻሿን እየፈታች አሳይታኛለች። ድንጋጤም ረሃብም ያረግፋል። ወራት ቆይቶ ስለሚመጣ ሰው ከዚያ ጋር አያያይዘውም እንጂ።

ልጅቷ ተረጋግታ ሄደች። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያችን «ይበቅላል» የምትል ቃል በ1985 ዓ.ም ለአንድ አባት ብያታለሁ። ያኔ እውነት አልነበረችም።

ሥራ ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነበር። ደሴ አካባቢ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ሰኞ ነበር፣ የገበያ ቀን። ሰኞ ሰኞ ከገጠር የሚመጣው ሰው ገበያውንም ሕክምናውንም ባንድ ጉዞ ስለሚጨርስ በረንዳው ጢም ብሎ ይሞላል። ከኩታበር በኩል የመጣ አንድ አባት ልጁን አስከትሎ ገባ። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ሌሊት ተነስተው በእግራቸው ነበር የመጡት፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ራሷን በእናቷ መቀነት ጠምጥመውታል።

መቀነቱን ስፈታው ሽታው ቀድሞ መጣ። አናቷ ላይ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ የእንቁላል መጠን ያለው እባጭ አለ። ሲነኩት ይለሰልሳል፤ መግሉ በየጸጉሩ ቀዳዳ ነጠብ ነጠብ እያለ ይወጣል። በላዩ የቀረው ጸጉር ስስበው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። አባትየው ቤት ያሉት ሁለት ወንድሞቿም ላሽ እንዳለባቸው ነገረኝ። ነግሮኛል። ይህን ማስታወስ ነው እስከ ዛሬ የሚከብደኝ፣ ምክንያቱም መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር።

እኔ የታየኝ መግል ብቻ ነው። መግል ካለ ይከፈታል፣ እንዲህ ነው የማውቀው። ያን ቀን በረንዳው ላይ ከስልሳ በላይ ሰው ይጠብቀኛል። ዙሪያውን በምላጭ ላጨሁት፣ ከፈትኩት፣ ጨመቅኩት። የወጣው ከመግል ይልቅ ደም ነበር። ይህም ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ልጅቷ አላለቀሰችም። የአባቷን ጋቢ ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ያዘች። ፔኒሲሊን ወጋኋት፣ በፋሻ አሰርኩላት፣ ለሰባት ቀን የሚወጋ ጻፍኩላት። ከኩታበር ሰባት ቀን እየተመላለሰች እንዴት እንደምትወጋ አልጠየቅኩም።

ሲወጡ አባትየው በሩ ላይ ዞር አለና «ጸጉሯስ፣ ልጄ?» አለኝ። አባቴ ሊሆን በሚችል ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ነው። እኔም ቀና ሳልል፣ ቀጣዩን ካርድ እያነሳሁ፣ «ጸጉር አይደል? ይበቅላል» አልኩት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሥልጠና ተላክን። ቦሩ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የሚታወቅ ቤት ነው። ሜዳውን አፄ ዮሐንስ በ1870 ጉባኤ የጠሩበት ነው እያልን ከጓደኞቼ ጋር በሻይ ሰዓት ስንዞር ትዝ ይለኛል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራ። የሕፃን ራስ። የእንቁላል መጠን ያለው እባጭ፣ በየቀዳዳው መግል። «ኬሪዮን ይባላል» አለ። «ከላሽ ፈንገስ ነው የሚመጣው። ሰውነት ፈንገሱን ሲዋጋ ነው እንዲህ የሚያብጠው። አትክፈቱት። በቅባትም አይድንም። በአፍ የሚወሰድ ግሪሲዮፉልቪን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ስጡት። ከዘገየ ወይም ከተጎዳ ጠባሳ ይሆንና ጸጉሩ ለሁልጊዜ አይመለስም።»

እጄ በረደኝ። ግሪሲዮፉልቪን እኮ በጤና ጣቢያችን መደርደሪያ ላይ ነበር። ከቢሮዬ አሥር እርምጃ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሕፃናት በትክክል አክሜያለሁ። ግን የማወራችሁ እሱን አይደለም።

በ1998 ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ እየተመለስኩ ነበር። ሐረጎን ስንወጣ አንዷ ተሳፋሪ ሙቀት ነው ብላ መስኮቱን ከፈተችው። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ወዲያው ሻሿን በእጇ ያዘች። ዳገቱን ሙሉ እጇን አላወረደችም። በመጨረሻ ዞር ብላ «ሲስተር፣ አላወቁኝም?» አለችኝ። አላወቅኳትም። የአባቷን ስም ነገረችኝ፣ እሱንም አላወቅኩትም። ከዚያ ሻሿን በጣቷ ትንሽ ገለጥ አደረገችው።

የመዳፍ ስፋት አለው። እንደ ብርጭቆ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳ እንኳ የለውም።

አልተቆጣችኝም። በወሎ ገራገርነት «ያኔ አድነውኛል እኮ» አለችኝ። አባቷ እስኪሞት ድረስ «ሲስተሯ ይበቅላል ብላለች» እያለ የፋሲካ ቅቤውን ለእሷ ራስ ያስቀምጥ እንደነበር አወራችኝ። ትምህርቷን አምስተኛ ክፍል ላይ ተወችው፣ ልጆቹ ሻሽ እየገፈፉ ይሮጣሉና። ሰርግ ቤት ጓደኞቿ ሹሩባ ሲሠሩ እሷ ቡና ላፍላ ብላ ጓዳ እንደምትገባ ነገረችኝ። «ሚዜ ሆኜ አላውቅም» አለች፣ እንደ ተራ ነገር።

ልነግራት ይገባ ነበር። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ማለት ነበረብኝ። ሐረጎ ረጅም መንገድ ነው፣ ጊዜ ነበረኝ። ደሴ መግቢያ ላይ ወረደች፤ ጉልበቴን ሳመችኝና ወረደች። እኔ ደህና ሁኚ ብቻ አልኩ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «በትክክል ብታክሚያትም ጠባሳ ሊተው ይችል ነበር» ይሉኛል። ይችላል። ግን ያን የማወቅ ዕድሏን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በተለይ አሁን የምትወልዱት፣ ልጃችሁ ራስ ላይ ጸጉር ተቆርጦ ቅርፊት የያዘ ቦታ ካያችሁ ነጭ ሽንኩርት አትሹበት፣ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ቅባት ብቻ ገዝታችሁም አትተኙ፣ ጸጉር ሥር አይደርስም። በአፍ የሚወሰደውን መድኃኒት ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጡት፣ እንደዚያ ነው ሰውነት በደንብ የሚወስደው። ወንድም እህቶቹንም አሳዩ። ደግሞ ላሽ የምንለው ሁሉ አንድ አይደለም። ቅርፊት የሌለው፣ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ልስልስ ያለው ፈንገስ ሳይሆን ሰውነት በሽታ የሚከላከልበት ኃይል ተሳስቶ የገዛ ጸጉሩን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። እሱ አይተላለፍም፣ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ይበቅላል። የትኛው እንደሆነ ባለሙያ ይለየው። ጸጉር አስተካካዮች ደግሞ ቶንዶሱን በየሰው መሀል አጽዱት፣ ይህን መለመን አልነበረብኝም።

ለሴት ልጆች አንድ ነገር አለኝ። ሹሩባ ተሠርተሽ ሌሊት ራስሽ እያመመሽ ካደርሽ ጠብቋል፣ ፍቺው። ሲያምርብሽ አያለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ እኔም በጊዜዬ ተሠርቻለሁ። ያሁን ልጆች ግን ያንን የሚያህል ሰው ሠራሽ ጸጉር በቀጭን ሹሩባ ላይ ታንጠለጥሉና የግንባራችሁ ዳር ሲሳሳ «ምን ልቀባ» ትላላችሁ። መጀመሪያ ላይ ከተዋችሁት ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ሥሩ ይሞታል። እናቶቻችሁ ደግሞ ዕድሜያቸው ሠላሳ አርባ ካለፈ በኋላ መሃል አናታቸው ላይ እያቃጠላቸው መሳሳት ከጀመረ አትተዉት። እሱም ጠባሳ የሚተው ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ በጊዜ ሲታይ ነው የሚቆመው።

ወንዶቹ ነገሩን እጅግ ታከብዱታላችሁ። አንድ ባጃጅ የሚነዳ የ22 ዓመት ልጅ በየሳምንቱ የግንባሩን ፎቶ ይልክልኛል። ከእናት ወገን ብቻ ነው የሚወረሰው ይላል፤ አይደለም፣ ከሁለቱም ነው። ጠጉራም አባት ያለው ሰውም መላጣ ይሆናል። ሚኖክሲዲል የሚባለው የሚቀባ መድኃኒት አለ። መነሻው የደም ግፊት ክኒን ነበር፣ የወሰዱት ሰዎች ጸጉር ሲያበቅሉ ነው ለዚህ የዋለው። ቢያንስ አራት ወር በየቀኑ ትቀባለህ። መጀመሪያ ላይ ይባስ ሊያረግፍ ይችላል፣ ስታቆመው ደግሞ ያበቀለው ይሄዳል። ፊናስተራይድ የሚባለው ክኒን የወንዶች ነው። አንዳንዱን የወሲብ ስሜቱን ይቀንስበታል፤ እርጉዝ ሴት ደግሞ የተሰበረውን ክኒን በእጇ እንኳ መንካት የለባትም። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተነጋግረህ እንጂ ከቴሌግራም ላይ አዘህ አይወሰድም። በየስልኩ የሚሸጠው ስም የለሽ ዘይት ያናድደኛል።

መላጣነት ግን በሽታ አይደለም፣ ተዉት እላችኋለሁ ሁልጊዜ። እንዲህ እያልኩ ግን ታናሽ ወንድሜ ትዝ ይለኛል። በ24 ዓመቱ ነው የተጀመረበት። በሰርጉ ቀን እንኳ ቆቡን አላወለቀም፣ እናታችን ስትለምነው ነበር። እሱን «ተወው» ብዬው ረድቶት አያውቅም። ስለዚህ ከጨነቃችሁ ታከሙ፣ አትፈሩ። ያንን የባጃጅ ልጅ ፎቶውን መላኩን እንዲያቆም አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም።

ቅቤ? ጸጉር አያበቅልም። ለድርቀት ጥሩ ነው። ቁስልና ቅርፊት ላይ ግን አትቀቡ። እኔ እስከ ዛሬ ለበዓል ለጋ ቅቤ በአደስ እቀባለሁ፣ ሽታው እናቴን ያመጣልኛል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ በእኛ አገር መባል ስላለበት። ቅንድብ ከዳር ጀምሮ ከረገፈ፣ ቆዳ ላይም የደነዘዘ ቦታ ካለ፣ ስለ ጸጉር አታስቡ፤ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ይድናል፣ መድኃኒቱም በነፃ ነው። ቦሩ ሜዳ ሂዱ፣ እየተሸማቀቃችሁ አትዘግዩ።

የጎረቤቴ ልጅ ትናንት ደውላ ደሟ አንሶ መገኘቱንና የብረት ክኒን መጀመሯን ነገረችኝ። ደስ አለኝ።

አንቺ ከኩታበር የመጣሽው ልጅ፣ አሁን አርባ አልፎሻል። ይህን አንቺ ባታነቢው ልጆችሽ ያነቡልሽ ይሆናል። ያን ቀን መክፈት አልነበረብኝም። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ነበር። አባትሽ የጠየቀኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፣ እኔ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ሚኒባሱ ውስጥም አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ።