ቁልፉን ከሣጥኑ ጋር አትላኩ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ። በዚህ እትም የደንበኛን ምስጢር በኢሜይል ስለ መላክ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ የደረሱንን ጥያቄዎች ይዘናል።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የሒሳብ ሥራ ቢሮ አለን። የ14 ድርጅቶችን የደመወዝ ዝርዝር በየወሩ በኤክሴል ሠርተን በጂሜይል እንልካለን። በቅርቡ አንድ ደንበኛችን «ተመስጥሮ ካልመጣ አልቀበልም» አሉን። ጂሜይል ራሱ ይመሰጥራል ይባላል፣ ፋይሉም ላይ ፓስወርድ አለ። አይበቃም?

መልስ፦ ደንበኛችሁ ልክ ናቸው። መመስጠር ማለት ቁልፉ የሌለው ሰው እንዳያነበው አድርጎ መቆለፍ ነው። ጂሜይል የሚመሰጥረው መንገዱን ነው፤ ደብዳቤው ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲሄድ መሐል ላይ የጠለፈው ሰው አያነበውም። ከደረሰ በኋላ ግን የተቀባዩን የኢሜይል ፓስወርድ ያገኘ፣ ስልካቸውን ያነሣ፣ ወይም ክፍት ትተውት የወጡት ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሁሉ የማን ደመወዝ ስንት እንደሆነ ያያል። ስለዚህ መቆለፍ ያለበት ፋይሉ ራሱ ነው።

ፓስወርድ አለው ያላችሁትን ደግሞ እንደገና እዩት። ኤክሴል ላይ «ፕሮቴክት ሺት» የሚለው ሰው ሴሉን እንዳይነካካ መከልከያ ነው እንጂ ምስጠራ አይደለም። ፋይሉን ማንም ይከፍተዋል፣ ክልከላውን ማንሣትም ቀላል ነው። የደበቃችሁት ኮለምም ያው ነው። ትክክለኛው «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ፕሮቴክት ወርክቡክ»፣ ከዚያ «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ» ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ፋይሉ ገና ሳይከፈት ፓስወርድ ከጠየቀ ተመስጥሯል፤ ተከፍቶ ቁጥሩን ካሳየ በኋላ የሚከለክል ከሆነ አልተመሰጠረም። በድሮው የ97-2003 ዓይነት አታስቀምጡት፣ ምስጠራው ደካማ ነው። ፓስወርዱ ከጠፋ ማይክሮሶፍትም አያወጣላችሁም።

ፋይሉ ብዙ ከሆነ፣ ወይም ስካን የተደረገ ሰነድ ካለበት፣ ሰቨን ዚፕ የተባለውን ነፃ የፋይል መጠቅለያ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ፋይሎቹን መርጣችሁ በቀኝ ጠቅ አድርጉ፤ «ሰቨን ዚፕ»፣ «አድ ቱ አርካይቭ»። ፎርማቱን «ዚፕ» በሉት፤ ፓስወርዱን ሁለት ጊዜ ጻፉ። ከታች «ኢንክሪፕሽን ሜተድ» የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዚፕ ሲመረጥ በራሱ የሚመጣው «ዚፕ ክሪፕቶ» የተባለው አሮጌና ሊሰበር የሚችል ዘዴ ነው፤ ጠንካራ ወደሆነው «ኤኢኤስ-256» ቀይሩት።

«ሰቨን ዜድ» የተባለው ፎርማት የፋይሉንም ስም መደበቅ ይችላል፣ ያ ጥሩ ነበር። ችግሩ ጂሜይል የውስጡን ዝርዝር ማየት ያልቻለውን የተቆለፈ ፋይል አታች ማድረግ ይከለክላል። ስለዚህ ዚፕ ይሁን፤ ስሙ ስለሚታይ ግን የድርጅቱን ስም አትጻፉበት፣ «መ-07» ዓይነት የራሳችሁን ምልክት ስጡት።

ከላካችሁ በኋላ ደንበኛው ደውለው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይሏችኋል። ብዙ ጊዜ አልተበላሸም፤ የዊንዶውስ የራሱ መክፈቻ ኤኢኤስ ዚፕን አያውቀውም። እሳቸውም ሰቨን ዚፕ ይጫኑ፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ ዜድ አርካይቨር የተባለው መተግበሪያ ይከፍተዋል። ከጂሜይል የ25 ሜጋባይት ጣሪያም እንዳያልፍ፤ ለተራ ሰነድ በ200 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ጥቁርና ነጭ ስካን ይበቃል።

አሁን ወደ ፓስወርዱ። የደንበኛውን ስልክ ቁጥር ፓስወርድ ማድረግ የለመደ ቢሮ ብዙ ነው። ስልክ ቁጥር በ09 ወይም በ07 ይጀምራል፣ የሚቀረው 8 አሃዝ ነው። ቢበዛ 200 ሚሊዮን ሙከራ ማለት ነው፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ዚፕ ፋይል ላይ ይህን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በእሱ ፈንታ መጽሐፍ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እየገለጣችሁ እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ቃላት አውጡ፣ በሰረዝ ለዩአቸው። በላቲን ፊደል ይሁኑ። በግእዝ ፊደል ከሆነ አንዱ ኮምፒውተር የጻፈውን ሌላው ላያነበው ይችላል፤ በስልክ ስትነግሩም ሃሌታው ሀ ነው ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ ነው እሳቱ ሰ፣ ሲባል ይዋላል። በላቲንም ቢሆን ቀ፣ ጠ፣ ጨ ያለባቸውን ቃላት ተዉ፤ አንዱ በኬ ሌላው በኪው ይጽፈዋል።

ፓስወርዱ በዚያው ኢሜይል አይሂድ። ቀጥሎ በሚላክ ሁለተኛ ኢሜይልም አይሂድ፤ የመጀመሪያውን ያነበበ ሁለተኛውንም ያነበዋል። ደውላችሁ ንገሩ፣ ወይም በኤስኤምኤስ ላኩ፤ ስልክ ቁጥሩም ውል ስትዋዋሉ የያዛችሁት እንጂ ኢሜይሉ ግርጌ ላይ የተጻፈው አይሁን። ለ14ቱም ደንበኞች አንድ ፓስወርድ ከሰጣችሁ ደግሞ አንዱ የሌላውን ይከፍታል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ውጤት አዲስ አበባ ላሉ ሐኪሞች የምንልከው በጂሜይል «ኮንፊደንሻል ሞድ» ነው። ይህስ?

መልስ፦ ኮንፊደንሻል ሞድ ተቀባዩ ፎርዋርድ፣ ኮፒና ፕሪንት እንዳያደርግ ይከለክላል፣ ቀኑ ሲያልፍም ይዘጋል። ነገር ግን ጎግል ራሱ እንዳያነበው አድርጎ አይቆልፈውም፣ ስክሪኑን በሌላ ስልክ ፎቶ ከማንሣትም አያግድም። ለሕመምተኛ ውጤት አይበቃም።

ሐኪሞቹ ጥቂትና የታወቁ ከሆኑ ሁላችሁም ፕሮቶን ሜይል የተባለውን ደብዳቤ የሚመሰጥር የኢሜይል አገልግሎት ክፈቱ፤ ነፃው ይበቃል። ከፕሮቶን ወደ ፕሮቶን የሚሄደው ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ተመስጥሮ ይሄዳል። ሐኪሙ ጂሜይል ከሆኑ፣ ስትጽፉ ከታች ያለችውን የቁልፍ ምልክት ተጭናችሁ ፓስወርድ ስጡት፤ እሳቸው ሊንክ ይደርሳቸዋል፣ በፓስወርዱ ከፍተው ያነባሉ። ሊንኩ ካልቀየራችሁት በ28 ቀን ስለሚዘጋ ውጤቱን ቀድመው መዝገባቸው ላይ ያስቀምጡ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የርእስ መስመሩ እንዲህ አይመሰጠርም፤ የሕመምተኛውን ስምና የምርመራውን ዓይነት ርእሱ ላይ ከጻፋችሁ ውስጡን መቆለፋችሁ ምን ረባ? የካርድ ቁጥር ብቻ ይበቃል። ሁለተኛ፣ አካውንቱ ሲከፈት የሚሰጣችሁን የመልሶ ማግኛ ሐረግ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ። ያለ እሱ የረሳችሁትን ፓስወርድ በአዲስ ብትተኩ ኢሜይሉ ውስጥ ትገባላችሁ፣ የድሮው ደብዳቤ ግን አይነበብም።

ጥያቄ፦ ደሴ ያለን የሠራተኛና አሠሪ አገናኝ ኤጀንሲ ነን። የውጭ አገር ተባባሪያችን ፓስፖርትና የሕክምና ወረቀት ከመቀበሉ በፊት «የፒጂፒ ፐብሊክ ኪይ ላኩልኝ» አለን። ምንድነው የሚፈልገው?

መልስ፦ ፒጂፒ የኢሜይል መመስጠሪያ ዘዴ ነው፤ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ይቆልፋል፣ ሌላው ይከፍታል። የሚቆልፈውን («ፐብሊክ ኪይ») ለማንም ትሰጣላችሁ፣ የሚከፍተው ከእናንተ ኮምፒውተር አይወጣም። ተንደርበርድ የተባለው ነፃ የኢሜይል ፕሮግራም ከ78ኛው እትም ጀምሮ ይህን በውስጡ ይዟል። «አካውንት ሴቲንግስ»፣ «ኢንድ ቱ ኢንድ ኢንክሪፕሽን»፣ «አድ ኪይ» ብላችሁ አዲስ ቁልፍ ፍጠሩ፤ ዕድሜው በራሱ 3 ዓመት ይመጣል፣ እንዳለ ተዉት። ወዲያው የሚከፍተውን ቁልፍ ባክአፕ በፍላሽ አውጡ፤ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል እስከዛሬ የመጣላችሁ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ለተባባሪያችሁ ስትልኩ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት፤ «ፕራይቬት ኪይ» የሚል ካለበት አትላኩት።

የእሱ ቁልፍ ሲመጣላችሁም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ስልክ ደውላችሁ ፊንገርፕሪንቱን፣ ማለትም የቁልፉን መለያ ፊደልና ቁጥር፣ በአራት በአራት እየከፈላችሁ አንብቡለት። ይህን ያልፈጸመ ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን በስልካቸው ጂሜይል ከፍተው ዝብርቅርቅ ፊደል ቢያዩ አትደንግጡ፤ ቁልፉ ያለው ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ፓስፖርት በተራ የቴሌግራም ቻት መላክ የለመዳችሁ ከሆነ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ላኪና ተቀባይ ብቻ እንዲያነቡት፣ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» የሚለው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ወልድያ ጠበቃ ነኝ። ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ደንበኞች አሉኝ፤ ጂሜይል ስሙን ራሱ ሞላና የአንዱን ፋይል ለሌላው ላክሁ።

መልስ፦ ፋይሉ ተቆልፎ ከነበረና ፓስወርዱን ካልሰጧቸው አብሽሩ። አዲስ ፓስወርድ አድርገው ለትክክለኛው ሰው ይላኩ። ካልተቆለፈ ዛሬውኑ ደውለው ሳይከፍቱ እንዲያጠፉት ይጠይቁ፣ የፋይሉ ባለቤት ለሆኑትም ይንገሩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለእንዲህ ያለው ጥሰት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቂያ የሰጠው ጊዜ 72 ሰዓት ነው፤ የሚቆጠረውም ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ የላኩበትንና ያወቁበትን ሰዓት አሁኑኑ ይመዝግቡ።

ለወደፊቱ ጂሜይል «ሴቲንግስ» ውስጥ «አንዱ ሴንድ» (Undo Send፣ የላኩትን መመለሻ ጊዜ) የሚለውን ከ5 ሰከንድ ወደ 30 ያሳድጉት። እዚያው «ክሪኤት ኮንታክትስ ፎር ኦቶ ኮምፕሊት» የሚለውን «አይል አድ ኮንታክትስ ማይሰልፍ» ያድርጉት፤ ሁለቱን ደንበኞች ደግሞ ኮንታክት ላይ ከስማቸው በፊት የመዝገብ ቁጥራቸውን ጨምረው ያስቀምጧቸው።