ከኬሚስትሪ ወደ ሜዲስን፦ ሊያቋርጥ ላሰበው የ4 ኪሎ ልጅ

ወንድሜ፣ «4 ኪሎ ሦስተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ነኝ፣ ልቤ ግን ሜዲስን ላይ ነው። አሁን ዊዝድሮ (የማቋረጫ ፎርም) ሞልቼ 12ኛን በግል ልፈተን ወይስ ልጨርስ?» ብለህ የጠየቅከውን አየሁት። ከስር «ልብህ ያለህን አድርግ» እያሉ የጻፉልህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንተ አሁን የምትማርበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 4 ኪሎ ግቢ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ተምሬያለሁ። በኬሚስትሪ ተመርቄ፣ ከዚያ ዲግሪዬን ይዤ ሜዲስን ገብቼ፣ ዛሬ እዚሁ ከተማ ሐኪም ነኝ። ስለዚህ የኔን ስማ፦ ጨርስ።

1. 12ኛን እንደገና መፈተን እንደ ቀላል ነገር አትየው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶው፣ ከ2015ቶቹ 3.2 በመቶው፣ ከ2016ቶቹ 5.4 በመቶው ብቻ ነው። አንተ ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ሆነህ ነው 4 ኪሎ የገባኸው። ያውም 50 በመቶ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል እንጂ ሜዲስን አያስገባም። ብታልፍ እንኳ ፍሬሽማን ከሀ ብለህ ትጀምራለህ፤ ሎጂኩን፣ ሳይኮሎጂውን፣ ጂኦግራፊውን ሁሉ። ሜዲስን የሚደለደለው ከዚያ በኋላ ነው፣ በውጤት ተወዳድረህ። የያዝከውን ሦስት ዓመት ጥለህ የምትገባበት ውድድር ይኸው ነው።

2. እሺ አልሰማሽም ብለህ የምትወጣ ከሆነ ደግሞ ፎርም ሳትሞላ ከግቢ እንዳትወጣ። የዶርም ጓደኛዬ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ዲፓርትመንት አልፈረመላትም፣ ላይብረሪ አልፈረመላትም፣ መታወቂያዋንም አልመለሰችም። በኋላ ልመለስ ስትል ሳታሳውቅ ነው የጠፋችው ተብሎ ከለከሏት። የተማረችበትን ወረቀት ለማውጣት ስትጠይቅም መጀመሪያ ክሊራንስ (ዕዳም ንብረትም የለባትም የሚል ማረጋገጫ) አምጪ አሏት። ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ካልኩለስ ያስረዳችኝ እሷ ነች። ዛሬም ሳስባት ያንገበግበኛል።

3. ዲግሪ ይዞ መግባት። በ2004 መንግሥት የሐኪም እጥረቱን ለማቃለል በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም ጀምሮ ነበር፤ በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን የሚቀበል፣ ከመደበኛው ያጠረ። እኔ የገባሁት በዚያ በተከፈተው በር ነው፣ ፈተና ተፈትኜ፣ ቃለ መጠይቅ ቀርቤ። የመቀበያ ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ስለዚህ የሰው ወሬ አትስማ፤ ራስህ ሄደህ የሬጅስትራሩን ሰሌዳ አንብብ። 6 ኪሎ ሐውልቱ ጋ ስትደርስ የካቲት 12 ሕክምና ኮሌጅ አለልህ፣ ወደ ጥቁር አንበሳም ከፒያሳ ቁልቁል በእግርህ ትደርሳለህ፣ ለጳውሎስ ታክሲ ትይዛለህ። ባንድ ቀን ሁሉንም ትጨርሳለህ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። እኔን አንድ ዓመት ያስቀረኝ ፈተናው አይደለም፣ የአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ነው። ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያው ሲወጣ ቴምፖዬን (ጊዜያዊ ዲግሪዬን)፣ የ10ኛና የ12ኛ ሰርተፊኬቴን ይዤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የዩኒቨርሲቲ ውጤቴ ማስረጃ) እንዲላክልኝ ጠየቅኩ። መቼም ታውቃለህ፣ ኦፊሻል በእጅ አይሰጥም፤ ታሽጎ በቀጥታ ወደምታመለክትበት ተቋም ነው የሚሄደው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ወረቀቶቹን አየችና የአያቴ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ቴምፖው ላይ አንድ ፊደል እንደጎደለ አሳየችኝ። አንዲት ፊደል! የመታወቂያ ቁጥሩ ያው፣ ፎቶው ያው፣ ስሜና የአባቴ ስም ያው። «ያንቺ ለመሆኑ በምን እናውቃለን? ፍርድ ቤት ሂጂና የስም ውሳኔ አምጪ» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ስልኳን በአንድ እጇ እንደያዘች ወረቀቶቼን በመስታወቱ ስር ገፋችልኝ፤ የ12ኛዬ ሰርተፊኬት ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

ፍርድ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለአንዱ ከፍዬ አስጻፍኩ። እዚያ ደግሞ ስህተት መኖሩን ዩኒቨርሲቲው በደብዳቤ ይግለጽ አሉኝ። ተመልሼ ደብዳቤ ስጠይቅ «እኛን ምን አገባን?» ተባልኩ። እነዚህ ወደ እነዚያ፣ እነዚያ ወደ እነዚህ እየላኩኝ ምዝገባው ተዘጋ። ያን ቀን ከ4 ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግሬ እያለቀስኩ ነው የወረድኩት።

በኋላ የፈታው ማን መሰለህ? እዚያው መሥሪያ ቤት ከኋላ ፋይል ክፍል የሚሠሩ አንድ አባት። ጉዳዬን ሰምተው ፋይሌን ከመደርደሪያ አወጡ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ በገዛ እጄ የሞላሁት ፎርም ላይ የአያቴ ስም ትክክል ነው፤ የ10ኛ ክፍል ካርዴ ኮፒም ተያይዞበታል። ስህተቱ የነሱው መዝጋቢ ኮምፒዩተር ላይ ሲያስገባ የሠራው ነው። «ልጄ፣ ለዚህ ነው ፍርድ ቤት የላኩሽ?» አሉና ከምሳ በፊት አስተካክለው ማኅተም አስመቱልኝ። ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ጭራሽ አያስፈልግም ነበር! እግዜር ይስጣቸው። ያን ዓመት ግን የልጆች ቱቶር እየሆንኩ አሳለፍኩት፣ እናቴም «ዲግሪ ይዘሽ ተመልሰሽ ተማሪ ልትሆኚ ነው?» እያለች።

4. ኮስት ሼሪንግ። የግቢ ልጆች ስለዚህ አያወሩም፣ ተመርቀው ነው የሚነቁት። የወጪ መጋራት ዕዳህን ሳትጨርስ ዋናው ዲግሪም ኦፊሻሉም አይለቀቅም። ሥራ ከያዝክ ከደመወዝህ ላይ በየወሩ ይቆረጣል። ሜዲስን ለመግባት ከቸኮልክ ግን ቀሪውን ባንዴ ከፍለህ ከገቢዎች የክሊራንስ ደብዳቤ ማምጣት አለብህ። ከአሁኑ ቤተሰብህን አማክር፣ ትንሽ ትንሽ አስቀምጥ። መውጫ ፈተናው ላይም አትዘናጋ፤ ከ2015 ወዲህ 50 በመቶ ሳያመጡ መመረቅ የለም።

ሜዲስንን በግል ኮሌጅ ስለመማርም ጠይቀሃል። አቅሙ ካለህ መንገድ ነው፣ አልነቅፍም። ነገር ግን ኮሌጁ በአጠቃላይ ፈቃድ አለው መባሉ አይበቃም። ለሜዲስን ፕሮግራሙ ለብቻው ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳታጣራ ብር እንዳትከፍል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ አትርሳ። የትም ተማር የት፣ መጨረሻ ላይ የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና ማለፍ ግዴታ ነው።

«ኬሚስትሪ ጊዜዬን አቃጠለብኝ» ያልከው ግን አሳዝኖኛል። በፍጹም አላቃጠለብህም። ከኔ ጋር የገቡት አብዛኞቹ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ነበሩ። መድኃኒቱን ከነመጠኑ በቃላቸው ያውቃሉ፣ በሽተኛ አያስፈራቸውም፤ እኔ የደም ግፊት መለኪያ እንኳ ይዤ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ምን ልሠራ መጣሁ እስክል ድረስ ጨነቀኝ። ከዚያ ፊዚዮሎጂ ላይ የደም አሲድና ቤዝ ደረሰ። የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ድረስ ባለው ጠባብ ቦታ ለምን እንደሚቆይ፣ ሳንባና ኩላሊት የባይካርቦኔት በፈሩን (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘውን ድብልቅ) እንዴት ተጋግዘው እንደሚጠብቁት። ክፍሉ በሙሉ ሲጨናነቅ እኔ ማርከር ይዤ ተነሳሁና የበፈሩን ስሌት ከመነሻው ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስንት ጊዜ በጠብታ የለካነውን ነገር ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ባዮኬሚስትሪ የማስረዳው እኔ ነበርኩ፣ እነሱ ደግሞ ደም ስር ፈልጎ መርፌ ማስገባት አስተማሩኝ። ዛሬ ድንገተኛ ክፍል የስኳር ታማሚ ደሙ አሲድ ሆኖበት ሲመጣ እጄ የማይንቀጠቀጠው 4 ኪሎ ስለተማርኩ ነው፣ ይህን በኩራት ነው የምነግርህ። የሚከብድህ አናቶሚ ነው። ሽምደዳ ይበዛዋል፤ ነርቮቹን በእጅህ ደጋግመህ እየሳልክ ካልሆነ አይያዝም።

በዚህ ሳምንት ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። የ8ኛና የ12ኛ ሰርተፊኬትህን (እናንተ 10ኛ አልተፈተናችሁም)፣ ስቱደንት ኮፒህን (በእጅህ የሚሰጥህን የውጤት ወረቀት) እና መታወቂያህን ጠረጴዛ ላይ ደርድርና የአንተን፣ የአባትህን፣ የአያትህን ስም ፊደል በፊደል በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስተያይ። ልዩነት ካለ ገና የግቢ ተማሪ እያለህ አሳርመው። ፍርድ ቤት ሂድ ካሉህም መጀመሪያ «ስገባ የሞላሁት ፎርም ይታይልኝ» በል፣ እምቢ ካሉ ኃላፊውን ጠይቅ። የቃለ መጠይቁን ነገር በኢንቦክስ እጽፍልሃለሁ፤ ዛሬ ሌሊት ዲዩቲ ነኝ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ ጠብቀኝ።