መሪ ስይዝ ለምን ሌላ ሰው እሆናለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላምዎ ይብዛ መምህር። ጥያቄዬ ትንሽ ሊመስልዎት ይችላል፤ እኔን ግን ከብዶኛል። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ከጎረቤት ጋርም ተጣልቼ አላውቅም። መኪና ውስጥ ስገባ ግን ራሴን አላውቀውም። ፍሬቻ ሳያሳይ የገባብኝን፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ስልኩ ላይ ያፈጠጠውን፣ በፈጣኑ ረድፍ የሚንቀራፈፈውን ሁሉ እሳደባለሁ። መስኮቱ ዝግ ስለሆነ ማንም አይሰማኝም ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዱ ዘሎ ሲገባብኝ የአምስት ዓመት ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ሁልጊዜ የምናገረውን ስድብ እኔ ከመናገሬ በፊት ተናገረችው። በጣም ደነገጥኩ። ግን ደግሞ ሰዎቹ በእርግጥ አጥፊዎች ናቸው እኮ! ጥፋትን ጥፋት ማለት መፍረድ ነው? እኔም ስቸኩል ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ የምነዳበት ጊዜ አለ። ማንንም እስካልጎዳሁ ድረስ ይህስ ኃጢአት ይባላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትንሽ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ነገር ከእምነቱ ጋር አያገናኘውም። ጸሎቱ ቤት ይቀራል፣ መኪናው ሌላ ዓለም ይሆናል። አንተ ማገናኘትህ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው።

ከልጅህ ልጀምር፣ ምክንያቱም መልሱን ግማሽ እሷ ሰጥታሃለች። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 9 ላይ አንድ ጠባቂ ግንብ ላይ ቆሞ ሠረገላ ከሩቅ ሲመጣ ያያል። የሰውየውን ፊት ገና አላየም። ግን አካሄዱ የጦር አለቃው የኢዩ ይመስላል አለ፣ እንደ እብድ ስለሚነዳ። ኢዩ ከመድረሱ በፊት አነዳዱ ማን እንደሆነ ተናገረበት። የአንተ ጠባቂ ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው። ስለ ትዕግሥት ብዙ ነግረሃት ይሆናል፤ እሷ የያዘችው ግን መሪ ስትይዝ የምትናገረውን ነው።

መስኮቱ ዝግ ነው ያልከውን እንመልከት። ጌታ በማቴዎስ 5፡22 ወንድሙን «ደንቆሮ» የሚል ሰው ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚጠብቀው ሲናገር፣ ተሰዳቢው ሰማ አልሰማ አላለም። ስድቡ መጀመሪያ የሚጎዳው የወጣበትን ልብ ነው። ቃሉን ደግሞ ልብ በለው፦ ደንቆሮ። መንገድ ላይ በየቀኑ ከአፋችን የሚወጣው ይኸው ቃል ነው፣ ወይም ከዚህ የባሰ። ያዕቆብም በምዕራፍ 3 ላይ በአንድ አንደበት እግዚአብሔርን እየባረክን በእርሱ አምሳል የተሠራውን ሰው እንረግማለን ብሎ አዝኗል። ከቅዳሴ ወጥቶ ገና መኪናውን ከቆመበት ሳያወጣ የሚሳደብ ሰው አይቻለሁ። ያዕቆብ ያዘነው እንዲህ ባለው ነገር ይመስለኛል።

ግን ለምን መኪና ውስጥ ይብስብናል? በእግር ስትሄድ ሰው ቢገፋህ ፊቱን ታያለህ፣ እሱም ይቅርታ ይልሃል፣ ያልፋል። መኪና ውስጥ ግን የምታየው ብረት ነው። ሰውየውን አታየውም፤ ስለዚህ ሙሉውን ሰው ከአንድ ጥፋት ተነስተህ አንተው ትሠራዋለህ። እንዲህ የሚነዳ ሰው ባለጌ ነው፣ ለሰው ደንታ የለውም፣ መንጃ ፈቃዱንም በገንዘብ ነው ያገኘው ትላለህ። ሁሉንም በሦስት ሰከንድ! አንተ ራስህ ዘለህ ስትገባ ግን ምክንያት አለህ፤ ረፍዶብሃል፣ መውጫው ሊያመልጥህ ነው፣ አላየኸውም። የሥነ ልቦና ሊቃውንትም ይህን ልማድ ያውቁታል። ሊ ሮስ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ስም አውጥቶለታል፤ የሌላውን ጥፋት ከጠባዩ እንደመጣ አድርገን ስናይ፣ ያለበትን ሁኔታ እንረሳለን። በ1981 ደግሞ ኦላ ስቬንሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ አሽከርካሪዎችን ችሎታችሁን ከሌሎቹ ጋር አወዳድሩ ብሎ ጠየቀ። ከጠየቃቸው አሜሪካውያን 93 በመቶው ከግማሹ ሰው እንበልጣለን አሉ። ይህ በቁጥር ሊሆን አይችልም፣ ግማሹ የግድ ከግማሽ በታች ነው። በሉቃስ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ «እንደ ሌሎች ሰዎች» አይደለሁም ብሎ ሲጸልይ የነበረው ልብ ይኸው ነው፤ መኪና ውስጥ ሲገባ አልተለወጠም።

የራሴን ልንገርህ። አንድ ቀን ለማስተማር ስሄድ ረፍዶብኝ ነበር። ከፊቴ ያለው መኪና ይጎተታል። ደርቤ እንዳላልፍ መንገዱ ጠባብ ነው። ጡሩንባ ነፋሁ፣ ደግሜ ነፋሁ፣ በልቤም ብዙ አልኩ። መብራት ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ሳየው ከማስተምራቸው ወንድሞች አንዱ ነው። «መምህር ይቅርታ፣ ፍሬኑ አልይዝ ብሎኝ ነው፣ ጋራዥ እስክደርስ ሰው እንዳልገጭ ብዬ ነው ቀስ ያልኩት» አለኝ። እኔ በልቤ የሰደብኩት ሰው እኔንም ጨምሮ ለሰው ሕይወት ሲጠነቀቅ ነበር። ይቅርታ የጠየቀው ግን እሱ ነው። ያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም፤ እሱ ያለኝን ግን አልረሳሁትም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ። ጥፋትን ጥፋት ማለት መፍረድ ነው? አይደለም። ይህን ጥርት አድርገህ ያዝ፣ ምክንያቱም «አትፍረዱ» የሚለውን ቃል ዓይናችንን ጨፍነን ክፉውን መልካም እንድንል የሚያዝ አድርገው የሚጠቅሱ አሉ። ያው ጌታ በዮሐንስ 7፡24 «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» ብሏል። ፍሬቻ ሳያሳይ ገባ፤ ይህን አይተሃል፣ እውነት ነው፣ ጥፋት ነው በል። በቀይ መብራት አለፈ፤ ጥፋት ነው። ግን «ለምን» የሚለው ላይ ስትደርስ ቁም። ልቡን አላየህም። ጳውሎስ በሮሜ 14፡4 «አንተ በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ?» ያለው እዚህ ጋ ነው የሚይዘን። ድርጊቱን መመዘን ይፈቀድልሃል፣ እንዲያውም ሕይወትህን ለመጠበቅ የግድ ነው። ሰውየውን መዝነህ ዋጋውን መወሰን ግን የአንተ ሥራ አይደለም። ልዩነቱን እንዴት ላውቀው ብትለኝ፣ ከተናገርክ በኋላ የሚሰማህን ተመልከት። ቅን ፍርድ ያስጠነቅቅሃል፣ ፍጥነት ትቀንሳለህ፣ ርቀት ትጠብቃለህ። ሌላኛው ያስጠጋሃል፤ ኋላው ላይ ተለጥፈህ መብራት ታበራበታለህ፣ ደርበኸው አልፈህ ፊቱ ላይ ፍሬን ትይዝበታለህ። ያን ጊዜ ዳኛም ቀጪም ሆነሃል፣ ከዚያም በላይ አንተ ራስህ አደገኛው ሹፌር ሆነሃል።

የሰከረ የሚመስል ሹፌር ብታይስ? ራቀው፣ መኪናህን ጥግ አስይዘህ ለትራፊክ ፖሊስ ደውል። ይህ ፍርድ ሳይሆን ፍቅር ነው፤ ለእሱም፣ ከፊቱ ለሚያገኛቸውም።

የቀደሙ አባቶች አንድ ታሪክ አላቸው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ ሙሴ ጸሊም የሚባል መነኩሴ ነበር፤ ድሮ ሽፍታ ነበር። አንድ ወንድም አጥፍቶ ጉባኤ ተሰብስቦበት ሙሴን ጠሩት። ውሃ የሚያንጠባጥብ ማሰሮ ይዞ መጣ። ምንድነው ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፣ እኔ አላየውም፣ ዛሬ ግን በሌላው ጥፋት ላይ ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ወንድምየውን ማሩት። ይህን ታሪክ መሪ ስይዝ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ከኋላችን የቀረውን አናየውም። ስንገባበት የደነገጠው፣ ዜብራው ላይ ወደኋላ የተመለሰው እግረኛ፣ እኛ ካለፍን በኋላ ነው የሰደበን።

አሁን የከበደውን ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። «ማንንም እስካልጎዳሁ ድረስ» ያልከውን ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። አለመጉዳትህ የሚታወቀው ከደረስክ በኋላ ነው። በዘጸአት 21፡29 ላይ ተዋጊ በሬ ስላለው ሰው ሕግ አለ። በሬው ከዚህ በፊት ይወጋ እንደነበር ባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ከገደለ ተጠያቂው ባለቤቱም ነው። አውቀህ ነበር ወይ ነው ጥያቄው። እኛ ደግሞ እናውቃለን። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳለህ፣ እግርህ ገና ፍሬን ሳይነካ። በ80 ከሆነ 22 ሜትር። ፍጥነትህን እጥፍ ስታደርግ የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለምን ስትል ነው ታዲያ? አሥር ኪሎ ሜትር መንገድ በ60 ሳትቆም ብትሄድ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ በ80 ደግሞ ሰባት ደቂቃ ተኩል። የሌላ ሰው ልጅ ወደ መንገድ ብትገባ የማትቆምበትን ፍጥነት ለሁለት ደቂቃ ተኩል ብለህ ገዛኸው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ልጅህ አምስት ዓመቷ ነው አላልከኝም?

ስለዚህ አዎ፣ ኃጢአት ነው። ትራፊክ ስለያዘህ ወይም ስላልያዘህ አይደለም። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የተባለው ሰው፣ የባልንጀራውን ሕይወት ለራሱ ችኮላ ስላስያዘ ነው።

«እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» የሚሉም አሉ። መዝሙር 90ን መኪናው ላይ ለጥፎ የሚበርር አለ (በሌላው የመዝሙራት አቆጣጠር 91 ነው)። ያ ጥቅስ መልካም ነው፤ ግን መላእክቱ በእጃቸው ያነሱሃል፣ ራስህን ወደ ታች ወርውር ብሎ ለጌታ የጠቀሰው ዲያብሎስ ነው። ጌታም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። መዝሙሩን ጸልየው፣ ፍጥነትህንም ቀንስ። ሁለቱ አይጣሉም።

ምን ላድርግ ትለኛለህ። አብዛኛው ቁጣችን የመዘግየት ልጅ ነው፤ ከቤት አሥር ደቂቃ ቀድመህ ውጣ፣ ግማሹ ስድብ ራሱ ይጠፋል። ከፊትህ ካለው መኪና ጋር ክፍተት ጠብቅ፤ አንዱ ገብቶ ቢይዝብህም እንደገና ክፍተት ፍጠር። ያጣኸው አንድ መኪና የሚያህል ቦታ ነው። ቃሉ አፍህ ላይ ሲመጣ «አቤቱ፣ ሁለታችንንም ማረን» በል፣ እሱን ብቻ ሳይሆን ሁለታችንንም። መጀመሪያ ላይ ጥርስህን ነክሰህ ነው የምትለው፣ ምንም አይደለም፣ በል። አንተ ስታጠፋ ደግሞ እጅህን አንሳና ይቅርታ ጠይቅ፤ ይህን ማድረግ እንዴት እንደሚከብድ ስታየው ጌታ የወንድምህን ጉድፍ ከማየትህ በፊት ከዓይንህ አውጣው ያለው ምሰሶ የት እንዳለ ይገባሃል። ለንስሐ አባትህም ይህን እንደ ትንሽ ነገር ሳትደብቅ ንገራቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ልጅህን ቁጭ አድርገህ፣ ያ ቃል መጥፎ እንደሆነ፣ ያስተማርካትም አንተ እንደሆንክ ንገራት። አንቺ አልተሳሳትሽም፣ አባዬ ነው የተሳሳተው በላት። ነገ ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ደግሞ ሥራ ስጣት፦ ቃሉ ካመለጠኝ «አባዬ» በይኝ በላት። ስታስታውስህም አትቆጣት።