የአሥር ሰዓት ረሃብ፦ ስለ ልጆችና ስለ ችብስ፣ በርገር፣ ለስላሳ የደረሱኝ ጥያቄዎች

«የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በየቀኑ ችብስ ይገዛል። ማታ እንጀራ ሲቀርብለት ‹ጠግቤያለሁ› ይላል። የኪስ ገንዘቡን ልከልክለው?» — እናት፣ አዲስ አበባ

ገንዘቡን ከመከልከልዎ በፊት ሰዓቱን ይዩ። ልጁ ምሳውን የበላው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ያውም ግማሹን ለጓደኛው አካፍሎ፣ ግማሹን ለኳስ ሲጣደፍ ትቶት። አሥር ሰዓት ላይ ከግቢው ሲወጣ የያዘው የእውነት ረሃብ ነው፤ አመል አይደለም። በሩ ላይ ደግሞ ድንች ከፈላ ዘይት እየወጣ ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል። አንድ ቀን የእህቴን ልጅ ልቀበል ሄጄ ቆሜ አየሁ። ችብሱ የተጠቀለለው በአሮጌ ደብተር ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ዘይት ከመጠጣቱ የተነሳ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሒሳብ ፈተና ከጀርባው ይነበባል። ገዝቼ ቀመስኩ። አልዋሽም፣ ይጥማል። የወረቀቱ የጽሕፈት ቀለምና ሲፈላ የዋለው ጠቆር ያለ ዘይት ግን አልጣሙኝም።

ስለዚህ ከችብሷ ቀድሞ የሚደርስ ነገር ያስፈልግዎታል። ቦርሳው ውስጥ ለመውጫ ሰዓት ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ትንሽ ዕቃ ይጨምሩ፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ ወይም ቆሎ። (ታናሽ ካለው ይጠንቀቁ፤ ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያንቃል።) ችብሱን አያውግዙት፣ ቀን ይቁረጡለት፤ ለምሳሌ አርብ። «ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» ማለት በየቀኑ «አይሆንም» እያሉ ከመጨቃጨቅ ይቀላል።

«በሳምንት ስንት ጊዜ በርገር ቢበላ ችግር የለውም?» — አባት፣ አዳማ

የተቆረጠ ቁጥር የለም። እኔ ቤት በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፤ የሚያከብረው ባይኖርም። እኔን ከበርገሩ ይልቅ አጃቢው ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚበላ ልጅ 10 በመቶው 40 ግራም ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ብቻውን 30 ግራም ገደማ ይይዛል። ከበርገሩ ጋር ውሃ ይዘዙ፤ ድንቹን ለሁለት ይካፈሉ።

«ለስላሳውን ትቼ ጁስ ብሰጠውስ?»

ድርጅቱ የጁስንም ስኳር ከዚያው ሂሳብ ነው የሚቆጥረው። ብርቱካኑን ልጦ ይብላ።

«በጾም የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ከችብስ፣ ከዳቦና ከፓስታ ሌላ አይነካም። ጾም ስለሆነ ዝም ልበል?» — እናት፣ ባሕር ዳር

ችብስም ለስላሳም ጾም ናቸው፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ያን ያህል ጊዜ በድንችና በዱቄት ብቻ አይገፋም። ጥራጥሬውን በሚወደው መልክ ያቅርቡለት። ወፈር ያለ ሽሮ ዳቦ ውስጥ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ቢገባ «ሳንድዊች» ይባላል፤ ስሙ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል። የተቀቀለ ምስር ከሽንኩርትና ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር ተፈጭቶ፣ ተጠፍጥፎ ቢጠበስ በርገር ነው። ሱፍ ፍትፍትም አለ፤ የዛሬ ልጆች ለምን እንደረሱት አይገባኝም። ደጋግመው ያቅርቡ፤ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል።

«ከሥራ ስወጣ ልጆቹን ይዤ ወደ ቤት ስነዳ የበርገር ቤቱን ምልክት ሲያዩ ይጮኻሉ። ደክሞኝ እሸነፋለሁ።» — እናት፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ያም ያው የአሥር ሰዓት ረሃብ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ እንጂ። መኪናው ውስጥ ፖምና አይብ ያስቀምጡ፤ አፉ ሥራ የያዘ ልጅ ምልክት አያነብም። የገቡ ቀን ደግሞ ከልጆቹ ምግብ ጋር ወተት ወይም ውሃ ይዘዙ። በየቀኑ የሚሸነፉ ከሆነ ግን መንገድ ይቀይሩ። አልቀለድኩም።

«አማቴ በመጡ ቁጥር ለስላሳና ብስኩት ይዘው ይመጣሉ። ስናገር ‹ልጁን በረሃብ ልትገድሉት ነው› ይላሉ።»

እሳቸው በልጅነታቸው ለስላሳ የሚቀርበው ለእንግዳና ለበዓል ነበር፤ ለልጅ ልጃቸው የሚያመጡት ክብር ነው። ስለዚህ አታርሚያቸው፣ ሥራ ስጫቸው፦ «እማዬ፣ ልጁ የእርስዎን ጨጨብሳ ነው የሚጠይቀኝ» በያቸው። ቁም ነገሩን ባለቤትሽ ይናገር፤ ከልጅ የመጣ ቃል ምራት ከተናገረችው ይለሰልሳል። ጠርሙሱ የግድ ከመጣም አንዱን ለሦስት ልጅ መቅዳት ነው፤ እኛም ብርጭቆ እያስተካከልን፣ «የሱ በዛ» እየተባባልን እንደዚያው ነው ያደግነው።