ቡስት ሶሌኖይድ፦ ባለ ሁለት ቀዳዳ ወይስ ባለ ሦስት?

ወንድሜ፣ ደሴ ላይ የምትነዳት ባለ ቱርቦ ሱባሩ ቡስቷ (ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ግፊት) አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ስላስቸገረህ የትኛውን ሶሌኖይድ (ቡስቱን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ልግዛ ብለሃል። አብሽር፣ ባለ ሦስት ቀዳዳውን ግዛ። ባለ ሁለቱ ወደ ዌስትጌቱ (ጭሱን ከቱርቦው ጎን እያሳለፈ ቡስቱን የሚገድበው በር) ከሚሄደው አየር ጥቂቱን ብቻ ያስተነፍሳል፤ ባለ ሦስቱ ግን መንገዱን ራሱን ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ስለዚህ ዌስትጌቱ ያለጊዜው አይከፈትም፣ ቱርቦውም ቶሎ ይነሳል። ባለ አራቱን እርሳው፣ ላንተ አይሆንም።

ግን ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትሽ። እኔ ሶሌኖይዱ ነው ብዬ ስንት ቀን ከለፋሁ በኋላ አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ ሆኖ አገኘሁት፣ በጣም ነው የተናደድኩት።

አዲሱን ስትገጥም ቱቦው ውስጥ ያለችውን የድሮዋን ማጥበቢያ (አየሩን የምትቀንስ ጠባብ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ቁራጭ) አውጣት። ኮምፒውተሩም እንደገና ይስተካከል፣ በድሮው ፕሮግራም ከነዳኸው ቡስቱ ከልክ አልፎ ሞተሩን ይበላዋል። ደግሞ ሶሌኖይድ ከዌስትጌቱ ስፕሪንግ በታች ቡስት አያወርድም፤ ስፕሪንጉ በ0.5 ባር ግፊት የሚከፈት ከሆነ መነሻህ እሱ ነው።

ከፍታውንም አትርሳ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፣ ቱርቦው ያንኑ አየር ለማስገባት አብዝቶ ይሽከረከራል። ቆላ ላይ የተሠራ የሌላ ሰው ፕሮግራም እንዳትጭን። ኮምቦልቻ ወርደህ፣ ሐረጎን ስትወጣ የቡስቱን ጌጅ እያየህ ሞክራትና ቁጥሩን እዚህ ጻፍልኝ።