ያገለገለ አናሎግ ኮረስ ፔዳል ከመግዛትዎ በፊት ምን ማዳመጥ ይገባል?

ጠያቂው ወንድማችን፣ ቦስ ሲኢ-2 የተባለ ያገለገለ አናሎግ የጊታር ኮረስ ፔዳል እንደቀረበልዎትና ዋጋው ከአዲስ ዲጂታል ኮረስ እንደሚበልጥ ገልጸው፣ አናሎግ መሆኑ ብቻውን ይህን ያህል ያስከፍላል ወይ፣ በምንስ ልፈትሸው ብለው ጠይቀዋል። ኮረስን በመድረክም በስቱዲዮም ለዓመታት ስጠቀምበት ስለቆየሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎት። ማንኛውንም ኮረስ የምመዝነው በዋነኛነት በአንድ ነገር ነው፤ ፔዳሉ ሲበራ ከጊታሩ የራሱ ድምፅ ምን ያህሉ ይተርፋል?

ኮረስ የጊታሩን ድምፅ ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱን እንዳለ ያሳልፋል፤ ሌላውን በጥቂት ሚሊሰከንድ ያዘገይና የመዘግየቱን መጠን ያለማቋረጥ ይለዋውጠዋል። መዘግየቱ በተለዋወጠ ቁጥር የኖታው ከፍታ በመጠኑ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሁለት ጊታሮች አንድ ዜማ አብረው የሚጫወቱ ያህል ድምፁ ይሰፋል። በአናሎግ ፔዳል ይህን የሚሠራው በ1969 በፊሊፕስ ኩባንያ የተፈለሰፈው ዓይነት ቺፕ ሲሆን፣ ሰዎች ተሰልፈው የውኃ ባልዲ እንደሚቀባበሉ ሁሉ ድምፁን ከአንዱ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ከሚይዝ ትንሽ ክፍል) ወደ ቀጣዩ ያስተላልፋል። በሲኢ-2 ውስጥ ያለው ኤምኤን3007 1,024 እርከኖች አሉት፤ ቅብብሎሹን የሚመራው ክሎክ በሰከንድ 100,000 ጊዜ ቢመታ ድምፁ 5 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይወጣል። የክሎኩ ጩኸት ከጊታሩ ድምፅ ጋር እንዳይወጣ ማጣሪያ ስለሚደረግለት፣ የዘገየው ድምፅ ከቀጭኑ በኩል ይለዝባል። አናሎግ ኮረስ ሞቅ ያለ ነው የሚባለው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። በደንብ የተሠራ ዲጂታል ፔዳልም ወደዚህ ድምፅ በእጅጉ ሊቀርብ ስለሚችል፣ አናሎግ ተብሎ ስለተጻፈበት ብቻ ገንዘብ እንዲጨምሩ አልመክርም።

ለመፈተሽ የራስዎን ጊታርና ኬብል ይዘው ይሂዱ፤ አምፑንም (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) ያለ ሪቨርብ፣ ማለትም ያለ ማስተጋቢያ፣ እና ያለ ዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን ሳያሻክሩ፣ ያድርጉት። ሬት (የለውጡን ፍጥነት) እና ዴፕዝ (የለውጡን ስፋት) የሚቆጣጠሩትን ማዞሪያዎች መሀል ላይ አድርጎ ኮርድ መምታት ብዙ አይነግርዎትም፤ በዚያ ቦታ ሁሉም ኮረስ ደስ ይላል። ይልቁንስ ሬቱን ዝቅ አድርገው ሦስተኛውን ክር ይምቱና ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ያዳምጡት። ጥሩ ፔዳል ከሆነ ማዕበሉ ሳይቆራረጥ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ድምፁ እየደከመ ሲሄድም አይሻክርም። ቀጥለው ዴፕዙን ሳይነኩ ሬቱን ብቻ ይጨምሩ። የዴፕዙ መጠን ባይለወጥም ለውጡ ስለሚፈጥን ኖታው ከቅኝት የወጣ ይመስላል፤ ስለዚህ ሬት ሲጨምር ዴፕዝ መቀነስ አለበት። በዚህ ማስተካከያ ላይ ማዞሪያዎቹ ጥቂት በጥቂት የሚታዘዙለት ፔዳል መድረክ ላይ አያስቸግርም።

የእኛን ዜማ የምንጫወት ሰዎች ይህ ጉዳይ ከሌላው ይበልጥ ይመለከተናል። በትዝታ ሜጀር የኖታዎቹ ርቀት ሰፊ ስለሆነ ዝግ ያለ ኮረስ ያምርበታል። በአንቺሆዬ ግን የመጀመሪያውና የሁለተኛው ኖታ ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዴፕዙ ሲበዛ ሁለቱ ይደበላለቁና የቅኝቱ ጠባይ ይጠፋል። ስለዚህ ፔዳሉን በአንቺሆዬ ሐረግ ሳይሞክሩ አይግዙት። በዝቅተኛ ዴፕዝ ላይ የሚሰጠው ድምፅ ካልጣመዎት፣ በከፍተኛው መደነቅዎ ለሥራ አይጠቅምዎትም።

ከዚያ ሳይጫወቱ ዝምታውን ያዳምጡ። የአምፑን ድምፅ ከፍ አድርገው ፔዳሉን ያብሩት። ቀላል የሹሹታ ድምፅ የአናሎግ ባሕርይ ነው። ከማዕበሉ ጋር አብሮ የሚመላለስ ቀጭን ፉጨት ወይም በየዙሩ የሚሰማ ቀጭታ ካለ ግን ይጠንቀቁ። ፔዳሉን ከመውቀስዎ በፊት በ9 ቮልት ባትሪ ይሞክሩት፤ ጩኸቱ በባትሪ ከጠፋ ችግሩ የአዳፕተሩ ነው። ኮረሱ ከአናሎግ ዲሌይ (ድምፅን አዘግይቶ ከሚደግም ፔዳል) ጋር አንድ አዳፕተር ሲጋራም የሁለቱ ክሎኮች ተደባልቀው ሊያፏጩ ይችላሉ፤ ለየብቻ ኃይል መስጠት ይህን ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ስለ ኃይል ካነሣን፣ ሲኢ-2 በ1979 የወጣ ስለሆነ ኤሲኤ ለሚባለው የቀድሞው አዳፕተር የተሠራ ነው። ዛሬ በተለመደው፣ ቮልቴጁ በማይዋዥቅ ባለ 9 ቮልት አዳፕተር ብቻውን ሲሠራ መብራቱ ሊደበዝዝና ኤፌክቱ ሊደክም ስለሚችል፣ ፔዳሉ ላይ የተጻፈውን አንብበው ተስማሚውን አዳፕተር ያዘጋጁ። ምናልባት በ1976 የወጣው ሲኢ-1 ቢቀርብልዎት ደግሞ እርሱ በቀጥታ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ለጃፓን ገበያ በ100 ቮልት የተሠራውን በእኛ 220 ቮልት ላይ መሰካት ማቃጠል ነው።

ሲኢ-2 መውጫው አንድ ብቻ መሆኑ ብዙ አያሳስብዎት። በስቴሪዮ አንዱ አምፕ ንጹሑን፣ ሌላው የዘገየውን ሲያወጣና ሁለቱ በአየር ላይ ሲቀላቀሉ በእርግጥ ድንቅ ነው፤ ከ1975 ጀምሮ የሮላንድ ጄሲ-120 አምፕ የተወደደው በዚህ ነው። ነገር ግን በአዳራሹ ሚክሰር ላይ ሁሉም ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ መስመር፣ የሚጠቃለል ከሆነ ታዳሚው ይህን ስፋት አይሰማውም።

የቀረበልዎት ፔዳል እነዚህን ካለፈና ዋጋው ከአቅምዎ ካልወጣ ይግዙት። ሻጩ በባትሪና በራስዎ ጊታር እንዲሞክሩ ካልፈቀደ ግን ይተዉት፤ በ2016 የወጣው ሲኢ-2ደብሊው አናሎግ ሆኖ የሲኢ-2ንም የሲኢ-1ንም ድምፅ ስለሚሰጥና በተለመደው 9 ቮልት አዳፕተር ስለሚሠራ፣ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ እኔ እርሱን እመርጣለሁ።